ሐረር ጀጎል ውስጥ ሙዚየም አጎበኛኘት፦ በሁለት ቀን፣ በቅደም ተከተል

በግንብ የታቀፈው ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ነው። ከአንዱ በር ወደ ሌላው በእግር ለመሻገር ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ቅርበቱ ግን ጎብኚን ያታልላል። አብዛኛው ሰው ሙዚየሞቹን ሁሉ በአንድ ጠዋት ጨርሶ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ አይቶ ይሄዳል። ምን አየህ ሲባል ጎራዴና ስፌት ከማለት አያልፍም።

ጥፋቱ የመቸኮል ብቻ አይደለም፣ የቅደም ተከተልም ነው። የሐረር ዕቃ ቦታ አለው። ስፌቱ በየትኛው ግድግዳ እንደሚሰቀል፣ እንስራው በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቆም፣ በየትኛው መደብ ላይ ማን እንደሚቀመጥ የተወሰነ ነው። ቤቱን ሳያይ ዕቃውን በመስታወት ውስጥ ያየ ሰው ጌጥ ብቻ ያያል። ስለዚህ እዚህ የተዘረጋው መንገድ ከቤቱ ይጀምራል፣ ወደ ዕቃው ይሄዳል፣ ከዚያ መጻሕፍቱንና ሳንቲሙን ያያል፣ በፎቶግራፎቹ በኩል አድርጎ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ሁለት ሙሉ ቀን ያዙለት።

ከመነሳት በፊት፦ ቀኑን መምረጥ

ረቡዕና ሐሙስ፣ ወይም ማክሰኞና ረቡዕ ይሻላሉ። ዓርብ አይመከርም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ይዘጋሉ፣ በሐረር ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ከተማው ሁሉ መስጊድ የሚሄድበት ነው። በሌሎቹ ቀናት የምሳ ዕረፍቱ ከ6:30 እስከ 7:30 ነው። የግል ስብስቦች ግን የራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ከአንድ ቀን በፊት በስልክ ወይም በአካል አረጋግጡ። ከውጭ አገር የምትመጡ ከሆነ «በ8 ሰዓት እንገናኝ» የተባላችሁትን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። በኢትዮጵያ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፣ በሌላው አቆጣጠር ግን ገና ጠዋት።

ዋናውን ሥራ በየዕለቱ ከ2:30 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሱ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ብርሃን ነው። የድሮ ቤቶች መስኮታቸው ጥቂት ስለሆነ መብራት ከጠፋ የምታዩት ከበርና ከመስኮት በሚገባው ብርሃን ብቻ ነው፣ እሱም ጠዋት ይበረታል። ሁለተኛው ከምሳ በኋላ ያለው የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ሰዓት ነው። በሐረር ያ ጊዜ የዕረፍትና የጨዋታ ነው፣ የሚፈልጉትን ሰው ማግኘትም ሆነ ረጅም ማብራሪያ መጠየቅ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላውን ለእግር ጉዞና ማስታወሻ ለማስተካከል ተዉት።

የዓመቱንም ሰሌዳ ተመልከቱ። በረመዳን የሥራ ሰዓት ይለወጣል። በሸዋል ወር በ8ኛው ቀን የሚከበረው ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ በዓል ነው። ለበዓሉ መምጣት መልካም ነው፣ ሙዚየም ተረጋግቶ ለማየት ግን ጊዜው አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ስለሚነግሥ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ይጨናነቃል፣ በድሬዳዋና በሐረር አልጋ ማግኘትም ይቸግራል።

በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው የሚያርፈው ድሬዳዋ ነው። ከዚያ ወደ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ዳገት ሚኒባስ በአንድ ሰዓት ገደማ ይወጣዋል። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ በዚያው ሳምንት የሄደ ሰው ጠይቁ።

የሚያዝ ዕቃ

ቦርሳ ትንሽ ይሁን። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ በጠባብ ክፍል ውስጥ ዞር ስትሉ እንስራ ይጥላል፣ ይህ ደግሞ ገምቶ መናገር ሳይሆን በየሙዚየሙ የሚፈራ ነገር ነው። ትልቅ ቦርሳ ከያዛችሁ በር ላይ አስቀምጡት ወይም በደረታችሁ በኩል ያዙት።

ለማስታወሻ ሁለት እርሳስ ያዙ፣ እስክሪብቶ አይደለም። ቀለም ወረቀት ላይ ወይም ጨርቅ ላይ ከተንጠባጠበ አይለቅም፣ እርሳስ ግን ይጠፋል። መስመር ያለው አንድ ደብተር፣ ባዶ ቦታ ያለው ስልክ፣ ለማውለቅ የሚቀል ጫማና ንጹህ ካልሲ ጨምሩ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቢይዙ በየመንገዱ ካሉት የወሊዮች (የሙስሊም ቅዱሳን) መቃብሮች አንዱ ጋ ሲደርሱ ያገለግላቸዋል። ገንዘቡ ዝርዝር ይሁን። የመግቢያው፣ የፎቶው፣ የአስጎብኚው ክፍያ የተለያየ ሊሆን ስለሚችል ከመግባታችሁ በፊት ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቁ። ባለ 200 ብር ኖት ብቻ ይዞ መምጣት በር ላይ ያስቆማል።

አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ? ለመንገዱ ብዙም አያስፈልግም፣ ለቋንቋው ግን ይጠቅማል። የከተማውን አስጎብኚነት መታወቂያ የያዘውን ምረጡ፣ ዋጋውን በቀን ሳይሆን በሰዓት ተነጋገሩ፣ ዕቅዳችሁንም አስቀድማችሁ ንገሩት። ካልነገራችሁት የለመደውን ዙር ያዞራችኋል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ቤቱ

መጀመሪያ ጠባያችሁን አስተካክሉ። «አደሬ» ሌሎች ሰዎች የሰጡት ስም ነው። የከተማው ሰው ራሱን ጌይ ኡሱእ፣ የከተማው ሰው፣ ይላል። «ሐረሪ» በሉ። ስትገቡ ሰላምታው ይቅደም፣ ጫማ ይውለቅ፣ ተቀመጡ ሳትባሉ አትቀመጡ። የመጨረሻው ነገር ከጨዋነትም ያለፈ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ቤት መቀመጫው ራሱ ጽሑፍ ነው።

ባህላዊው የሐረሪ ቤት (ጌይ ጋር) በሁለት መልክ ይታያል፦ እንደ ሙዚየም ተደራጅቶ በሚጎበኘው የባህል ቤት፣ እንዲሁም ሰው እየኖረበት እንግዳ በሚያሳድረው ቤት። ከተቻለ አንዷን ሌሊት በሁለተኛው ዓይነት እደሩ። ዕቃው ከአገልግሎቱ ያልተለየበት ስብስብ እሱ ብቻ ነው።

ከገባችሁ በኋላ ቆማችሁ ነደባዎቹን ቁጠሩ። ነደባ ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ መደብ ነው፣ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ አምስት ነው፦ አሚር ነደባ፣ ጊዲር ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ፣ ገብቲ ኤሄር ነደባ እና ጢት ነደባ። ጊዲር ትልቅ፣ ጢት ትንሽ ማለት ነው። የክብሩ ቦታ አሚር ነደባ ነው። በደብተራችሁ ላይ የክፍሉን ንድፍ ሣሉ፣ አምስቱን አስገቡ፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር ጠይቃችሁ ጻፉ። ይህን ንድፍ ያልሣለ ሰው በኋላ «የአሚር ነደባ ምንጣፍ» የሚል መግለጫ ሲያነብ ምንም አይታየውም።

ቀጥሎ ዓይናችሁን ወደ ግድግዳው አንሱ። በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት ቦታዎች ለመጻሕፍትና ለዕቃ የተሠሩ ናቸው። ስፌቶቹ በመጠንና በዓይነት ተለይተው ይሰቀላሉ፣ አንዳንዶቹ ሙሽራ ይዛ የመጣቻቸው፣ አንዳንዶቹ ከእናት የወረሰቻቸው ናቸው። አፍላላ የሚባሉት ጥቁር የሸክላ ዕቃዎች ሾጣጣ የስፌት ክዳናቸውን ደፍተው ይቆማሉ። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ኪርታት ናት፣ አዲስ ሙሽሮች የሚሰነብቱባት። ከበሩ በላይ በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖሯን ይነግር እንደነበር ይወራል።

እዚህ ጋ አንድ ልማድ ጀምሩ፣ ሁለቱን ቀን ሁሉ ያገለግላችኋል። የደብተራችሁን ገጽ በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው በኩል «የተነገረኝ» በሉ። ለምሳሌ ወለሉና ነደባው ቀይ አፈር የተቀባ ነው፣ ይህ የሚታይ ነው። ቀዩ ቀለም ምኒልክ ሐረርን በያዙበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚለው ግን የሚነገር ነው። የሚነገረው ነገር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሰው የራሱን ቤት እያየ ምን እንደሚያስታውስ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱ ከተደባለቁ ግን ወደ ቤታችሁ ተመልሳችሁ መለየት አትችሉም።

ለአንዱ ቤት አንድ ሰዓት ተኩል ስጡ። ከዚያ ወደ ባህል ሙዚየሙ ዕቃዎች ሂዱ፣ አሁን ንድፉ በእጃችሁ ስለሆነ እያንዳንዱን ዕቃ ወደ ቦታው መመለስ ትችላላችሁ። እዚያ አርባ ደቂቃ በቂ ነው።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት፦ መጻሕፍት፣ ሳንቲም፣ ድምፅ

የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ከሁሉም ሰፊው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተኩል። አቶ አብዱላሂ ስብስቡን ለዓመታት በራሳቸው ጥረት ሰብስበው በመጀመሪያ በገዛ ቤታቸው ያሳዩ ነበር፤ በኋላ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንፃ ተዛወረ። ከመግባታችሁ በፊት ደጁ ላይ ቆማችሁ የእንጨት ሥራውን ተመልከቱ። የህንድ ነጋዴዎችና አናጢዎች በሐረር ያሳረፉት አሻራ ከየትም በላይ እዚህ ይታያል።

በእጅ የተጻፉትን መጻሕፍት ስታዩ በጽሑፉ ውበት ብቻ አትለፉ፣ ዐረብኛ ባታነቡም የምታዩት አለ። አንደኛ፣ ሽፋኑ ላይ እንደ ፖስታ ክዳን የሚታጠፍ ምላስ አለው ወይ? የእስልምናው ዓለም አጠራረዝ መለያ ነው፣ የገጾቹን ጠርዝ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ከተገለጠው ገጽ ግርጌ በስተግራ ብቻዋን የተጻፈች ቃል ፈልጉ። የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ቃል ናት። ጠራዡ ቅጠሎቹን በእሷ ይደረድር ነበር፣ ዛሬም ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ቅጠል እንደጎደለ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ የጸሐፊው ስምና ዘመኑ ካለ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው። አስጎብኚውን «መጨረሻ ገጹ ላይ ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማንኛውም ጥያቄ ይልቅ ይህ በር ይከፍታል፣ ምክንያቱም የምር የምትፈልጉ መሆናችሁን ያሳያል። አራተኛ፣ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ባለሙያው ቅጠሉን ወደ ብርሃን ቢያነሳላችሁ በወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጨረቃዎች ሊታዩ ይችላሉ። ለምሥራቁ ገበያ የሚላክ የጣሊያን ወረቀት ምልክት ነው። ሐረር ከቀይ ባሕር ንግድ ጋር እንዴት እንደተሳሰረች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በእጅ አይያዝም።

መንካት የተፈቀደላችሁ ከሆነ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ፣ ጓንት አታድርጉ። ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ የወረቀቱን ጠርዝ ይቀድዳል። ጣት በምራቅ እያረጠቡ ገጽ መግለጥ ፈጽሞ አይሆንም። መጽሐፉን 180 ዲግሪ አትዘርጉት፣ የድሮ ጥራዝ ጀርባው ይሰነጠቃል። ብልጭታ (ፍላሽ) ከመግባታችሁ በፊት አጥፉ። ብርሃን በቀለም፣ በጨርቅና በፎቶግራፍ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በየጊዜው እየተደመረ ይሄዳል እንጂ አይሽርም። የናንተ አንድ ብልጭታ ትንሽ ይመስላል፣ ከናንተ በፊትና በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን እንደናንተ ያስባል።

ሳንቲሞቹ ጋ ሁለት ስህተት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። አንዱ የማርያ ቴሬዛ ብር ነው። በላዩ 1780 የሚለውን አይቶ «የ1780 ሳንቲም» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ስለዚህ ከቁጥሩ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም። የሐረር አሚሮች ያስመቱት ሳንቲም ግን ሌላ ነው፣ የከተማዋ የራሷ ገንዘብ ነው፣ ዓመቱም በሂጅራ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከዚሁ የዘመን አቆጣጠር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሂጅራ፣ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንዳንዱ መግለጫ ደግሞ የትኛው እንደሆነ አይልም። በስልካችሁ ማስሊያ እንዲህ አድርጉ፦ የሂጅራውን ዓመት በ0.97 አባዙ፣ 622 ደምሩ፣ እ.ኤ.አ. ይሰጣችኋል። ለዓ.ም. ከዚያ 7 ወይም 8 ቀንሱ። ለምሳሌ 1304 ሂጅራ ሲባዛ 1264.88 ነው፣ 622 ሲደመር 1887 ገደማ ይሆናል፣ በእኛ 1879። ይህ ዓመት ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን የያዙበት ነው። ውጤቱ በአንድ ዓመት ሊዛነፍ ይችላል፣ ለሙዚየም ማስታወሻ ግን ይበቃል። ደብተራችሁ ላይ ሁልጊዜ መጀመሪያ እንደተጻፈው ገልብጡ፣ ከዚያ በቅንፍ የቀየራችሁትን አስቀምጡ።

ሊታወቁ የሚገባቸው ሌሎች ጥቂት ዓመታት እነዚህ ናቸው፦ ግብፆች ሐረርን የያዙት እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ነው። ከዚያ በኋላ የተነሣው አሚር አብዱላሂ እስከ ጨለንቆ ገዛ፣ ቀጥሎ ራስ መኮንን አስተዳደሩ። ዕቃ ስታዩ «ከነዚህ በየትኛው ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ብቻውን የተበታተነውን ክፍል መልክ ያስይዘዋል።

ሙዚየሙ የተቀዱ የድሮ ዘፈኖችና ድምፆችም አሉት። ሰው አይጠይቅም፣ ስለዚህ አይሰማም። በትሕትና «ጥቂት ማዳመጥ ይቻላል?» በሉ።

ከዚያው ቀን፦ ፎቶዎቹና መንገዱ

የራምቦ ቤት በሚባለው ማዕከል የድሮ ሐረር ፎቶግራፎች አሉ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር የገባው በንግድ ሥራ ነው፣ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ኖሯል፣ ፎቶም ያነሳ ነበር። አሁን የምታዩት ውብ ቤት ግን ከሱ በኋላ የተሠራ ነው። ይህን ማወቅ ቤቱን አያሳንሰውም። ባለቀለሙ ጣሪያና የእንጨቱ ሥራ በራሱ የሚታይ ነው።

ከፎቶዎቹ መካከል ሦስት ምረጡ፣ ከሦስት አትለፉ። ሳይለወጡ የቆዩ ምልክቶች ያሉባቸው ይሁኑ፦ የግንቡ መስመር፣ የጃሚዕ መስጊድ ሚናሬቶች፣ በስተደቡብ የሚታየው የሐኪም ጋራ። ፎቶውን በስልክ ማንሳት ከተፈቀደ ፊት ለፊት አትቁሙ። ትንሽ ወደ ጎን ሸርተት ብላችሁ፣ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ከጀርባችሁ ቢቆም የመስታወቱ ነጸብራቅ ይጠፋል። ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ካነሳው ፎቶው ላይ ነጠላው ይወጣል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ፎቶ ይዛችሁ ውጡ። ከፈረስ መጋላ አደባባይ በመኪና ግርግር (የስፌት መኪናው ድምፅ ስሙን የሰጠው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው) ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ ውረዱ። ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ ፈልጉ። በቅርብና በሩቅ ያሉ ሁለት ምልክቶች እንደ ፎቶው ሲደራረቡ ደርሳችኋል። ከዚያ ግንቡን ተከተሉ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ግንብ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ ጥንታዊ በሮቹም አምስት ናቸው። መኪና የሚያልፍበት ሰፊው የሐረር በር በኋላ የተከፈተ ስለሆነ ከአምስቱ ጋር አትቁጠሩት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች መቃብሮች እንዳሉ ጠቅሷል። የመቃብሩን ግቢ ከመግባት በፊት ጠባቂውን ጠይቁ፣ ገበያ ውስጥ ደግሞ ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። የሐረሪ ሴቶች ቀለማማ ልብስ ብዙ ካሜራ ስለሚስብ ባለቤቶቹ ተሰላችተዋል።

ስለ መግዛትና ስለ መስጠት

አዲስ ስፌት ከሰፊዋ እጅ ግዙ፣ ሙያውን ያቆየዋል። የድሮ መጽሐፍ፣ ሳንቲም ወይም የቤት ቅርስ ግን በዝቅተኛ ዋጋ ቢቀርብላችሁም አትግዙ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በ1992 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 209 የተከለከለ ነው። ከዚያም በላይ የተሸጠ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ሲወጣ የማን እንደነበር የሚናገረው ሰው ይቀራል። አሮጌ የሚመስል አዲስ ዕቃ የገዛ ተጓዥ ደረሰኝ ይያዝ፣ ሲሆን አዲስ አበባ ከሚገኘው የቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ያውጣ። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሚከራከሩበት ጊዜ የለም።

በቶሮንቶ፣ በዋሽንግተን ወይም በሌላ ቦታ የሚኖሩ የሐረር ልጆች በቤታቸው ያለውን የቤተሰብ ፎቶና ደብዳቤ ይዘው ቢመጡ ለሙዚየሞቹ ትልቅ ነገር ነው። ዋናውን መስጠት ግዴታ አይደለም፣ በደንብ የተነሳ ቅጂም ይጠቅማል። ከመምጣታችሁ በፊት በፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንደነገራችሁ ጻፉ። እስክሪብቶ በፊት በኩል ጎልቶ ይወጣል። ፎቶውን በማጣበቂያ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ላስቲክ ውስጥም አትቋጥሩ። እርጥበት ስለሚይዝ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ስታስረክቡ የዕቃውን ዝርዝርና የሰጪውን ስም የያዘ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተቀበሉ፣ አንዱን ቅጂ እናንተ፣ ሌላውን ሙዚየሙ ይያዝ።

የመጨረሻዋን ምሽት ደብተሩን ጨርሱ። «የተነገረኝ» በሚለው በኩል ማን እንደነገራችሁ ያልጻፋችሁት ነገር ካለ ሳይረሳ አሁኑኑ ሙሉት። ያልገባችሁ ነገር ከቀረ ጠዋት ተመልሳችሁ ጠይቁ፣ መኪናችሁ የሚነሳው ከረፋዱ በኋላ እንዲሆን አድርጋችሁ ትኬት ቁረጡ።